ለየትኛው ውሃ?

የመመረቂያ ጽሑፌ የመጀመሪያ ገጽ ስለ ባሕር ነው። የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ የባሕር ውሃን እንዴት እንደሚቋቋም፣ የመርከብ ቧንቧና የፓምፕ ዘንግ ለምን ከእሱ እንደሚሠራ፣ ቅይጡ በተራ ብረት ላይ በስሱ ቢለበጥ ምን ያህል ወጪ እንደሚቀንስ አስረዳሁበት። ያን ገጽ ስጽፍ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ተወልጄ ያደግኩት ጣርማ በር ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጉም ደጃፍ ድረስ በሚገባበት አገር። ጥያቄዬ የተወለደውም እዚያው ነበር፤ እማዬ የቆሎ ሽያጭ ሳንቲሟን በምታጠራቅምበት የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ። ይህን ግን በጽሑፌ የትም ቦታ አላነሳሁም። የእናቴ ጣሳ ሳይንስ ውስጥ የሚገባ ነገር አልመሰለኝም።

ስለ ባሕር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ሰድበሪ ከሚባለው የካናዳ ምድር ይወጣ የነበረው ማዕድን ኒኬልንና መዳብን አንድ ላይ የያዘ ነበር። ሁለቱን መነጠል አድካሚና ውድ ስለሆነ ሮበርት ስታንሊ የተባለ የማዕድን ባለሙያ ሳይነጠሉ እንዳሉ የሚወጡበትን መንገድ አበጀ። ቅይጡ በ1906 እ.ኤ.አ. በሕግ ተመዘገበና ስታንሊ ይሠራበት በነበረው ኩባንያ ፕሬዚዳንት በአምብሮዝ ሞኔል ስም ሞኔል ተባለ። ከሦስት እጅ ሁለቱ ኒኬል ነው፤ ከቀረው ደግሞ አብዛኛው መዳብ። በሚፈስ የባሕር ውሃ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ብዙም የማይነካ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኒኬልና መዳብ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ባሕርን ያነሳል። እኔም የቀደሙኝ እንደጀመሩት ጀመርኩ።

ጣርማ በር ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ደጋው በድንገት የሚያልቅበት ስፍራ ነው። ከበሩ ወዲህ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ ብርድና ውርጭ፤ ከበሩ ወዲያ ገደል። ቁልቁል ደብረ ሲና አለ፣ ከዚያ የሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ከዚያ የአፋር ሜዳ። ከቆላው የሚነሳው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን እየታከከ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ወግቶ ከ500 ሜትር የሚረዝም ዋሻ ሠርቶበታል፤ ሕዝቡ ዛሬም የሞሶሎኒ ዋሻ ይለዋል። ወደ መንዝ፣ ወደ መዘዞና ወደ መሐል ሜዳ የሚሄደው መንገድም እዚሁ ይገነጠላል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከአሰብ ወደብ የሚመጡት ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪናዎች በዚህ በር ያልፉ ነበር፤ ነዳጅ፣ ስንዴ፣ ጨው ጭነው። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሲወርድ ሴቶቹ ቆሎ ይዘው ይከቡታል። እማዬም ከነሱ አንዷ ነበረች። ሽምብራውን በጨው ውሃ ረጨት አድርጋ ነበር የምትቆላው፤ ገዢዎቿ የሚወዱት እንደዚያ ነው።

ጣሳው ውስጥ ያሉት 25 እና 50 ሳንቲሞች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አሮጌዎቹ 1969 የሚል ዓመት የተጻፈባቸው፣ በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ ያለባቸው፣ መዳብና ኒኬል እስከ ልባቸው ድረስ የተቀየጠባቸው ናቸው። በኋለኞቹ ዓመታት የተመቱት በመልክ ተመሳሳይ ቢሆኑም ውስጣቸው ብረት ነው፤ መዳብና ኒኬሉ ከላይ የተለበጠ ነው። እኛ ልጆች ይህን የምናውቀው ከተሰበረ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ባወጣነው ማግኔት ነበር። አሮጌዎቹን ማግኔት አይዛቸውም፤ አዲሶቹን እየሳበ ያነሳቸዋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣሳው መስኮት ሥር ከርሞ ሲገለበጥ አሮጌዎቹ እንዳሉ ይወጣሉ፤ ከአዲሶቹ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ላይ ቡናማ ዝገት ያበቅላሉ። እማዬ በኋላ ጣሳውን ከምድጃው አጠገብ፣ ከጨው ዕቃው ጎን አዛወረችው። ለምን ስላት፣ «ሳንቲምም እንደ ጨው ነው፤ ጉም አይወድም» አለችኝ። የቤት ደንብ ነው ብዬ አለፍኩት።

በእኛ አገር የገንዘብና የልባጥ ታሪክ ከዚህ እጅግ ይረዝማል። አክሱማውያን በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ የንጉሡን ራስ የከበበውን ስፍራ በስስ ወርቅ ይለብጡት ነበር፤ ያን ያህል ጥንቃቄ ለትንሿ የመዳብ ሳንቲም መስጠታቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ስም የተመቱት ባለ10፣ ባለ25 እና ባለ50 መቶኛዎች ከኒኬል የተሠሩ ነበሩ፤ እነሱን ማግኔት ይስባቸዋል። አያቴ ደግሞ በ1936ቱ ሳንቲሞች የሆነውን ያጫውተን ነበር። ባለ25ቷ መዳብ፣ ባለ50ዋ ብር ነበሩ፤ በስፋት ይቀራረባሉ። ብልጦች መዳቧን ብር እየቀቡ በ50 ማሳለፍ ሲጀምሩ የ25ቷ ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ተከርክሞ እንዲወጣ ተደረገ፤ የጨለመበት ነጋዴ እንኳ በጣቱ ዳብሶ እንዲለያት። ያቺ ባለ ክርክም ጠርዝ ሳንቲም ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ትገኛለች።

ትምህርቱን ስጀምር ሁሉም ቀላል መስሎኝ ነበር። ኒኬልና መዳብ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም አተሞች በአንድ ዓይነት ኩብ ይደረደራሉ፤ የኒኬሉ ኩብ ጎን 0.352 ናኖሜትር፣ የመዳቡ 0.361 ናኖሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ አብረው ሲቀልጡ በፈለጉት መጠን ይቀላቀላሉ። በኤሌክትሪክ ለመለበጥ ግን መቅለጥ የለም። ሁለቱም በውሃ ውስጥ እንደ ጨው ይሟሙና ከኃይል ምንጩ አሉታዊ ጫፍ ጋር በተያያዘው ብረት ላይ ኤሌክትሮን እየተቀበሉ አተም በአተም ይቀመጣሉ። እዚህ ላይ ዘመድነታቸው ያበቃል። መዳብ ኤሌክትሮን ለመቀበል ከኒኬል ይልቅ እጅግ ይቀለዋል፤ በመደበኛ መለኪያ የመዳቡ 0.34 ቮልት ሲሆን የኒኬሉ ከዜሮ በታች 0.25 ቮልት ገደማ ነው። 0.6 ቮልት በሚጠጋው በዚህ ልዩነት ምክንያት ሁለቱን ጨው ዝም ብሎ በጥብጦ ኤሌክትሪክ የሰጠ ሰው ቅይጥ አያገኝም፤ ቀይና ልል የመዳብ ዱቄት ያገኛል፤ በጣት ሲነኩት የሚረግፍ።

መፍትሔው መዳቡን መያዝ ነው። ከሎሚ አሲድ የሚገኘው ሲትሬት የመዳቡን አዮን አጥብቆ ያቅፈዋል፤ የታቀፈው መዳብ ኤሌክትሮን ለመቀበል ይከብደዋል፤ ከኒኬሉ ጋር ይቀራረባል። ከዚህም በላይ መዳቡን በጣም ጥቂት አድርጎ ኒኬሉን ማብዛት ያስፈልጋል። መዳቡ ጥቂት ስለሆነ ብረቱ ፊት ያለው ቶሎ ያልቅና ሌላው ከሩቅ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ በዚያ መሃል ኒኬሉ ይቀመጣል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ሲያጠነክሩት ኒኬሉ ይበዛል፤ ፈሳሹን ሲያማስሉት መዳቡ ይበዛል። ከአንድ ገንዳ፣ የኤሌክትሪኩንና የማማሰያውን ፍጥነት ብቻ በመቀያየር፣ ከቀላ ያለ መዳብ እስከ ነጭ ኒኬል ድረስ ያለውን ሁሉ ማውጣት ይቻላል። ይህን በመጀመሪያ ያየሁ ቀን የተሰማኝ ደስታ አሁንም አለቀቀኝም። ሰማያዊ አረንጓዴ ፈሳሽ፣ አንድ አምፔር ኤሌክትሪክ፣ አንድ ሰዓት፤ ምንም ካልባከነ ወይ 1.19 ግራም መዳብ ወይ 1.09 ግራም ኒኬል፣ ካልሆነም የሁለቱ ድብልቅ። ፋራዳይ በ19ኛው መቶ ዓመት ያገኘው ሕግ እኔ ፊት ባለው ብርጭቆ ውስጥ ይፈጸማል።

አንድ ነገር ግን ከመጽሐፍ ያላገኘሁት ነው። መብራት ይጠፋል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ቁራጩ ብረት ገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ ሥራው ግን አይቆምም። የተቀመጠው ኒኬል እየሟሟ ኤሌክትሮኑን ለመዳቡ አሳልፎ ይሰጣል፤ መዳቡም በቦታው ይተካል። መብራት ሲመለስ ልባሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ቁራጩን በጎን ቆርጬ፣ አለስልሼ በማይክሮስኮፕ ሳየው መብራት የሄደበት ጊዜ ሁሉ ስስ ቀላ ያለ መስመር ሆኖ ተጽፎበታል። ሌሎች ተመራማሪዎች ኤሌክትሪኩን ሆን ብለው ከፍና ዝቅ እያደረጉ ከአንድ ገንዳ የመዳብና የኒኬል ንብርብር እንደሚሠሩ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ንብርብሮቹ በጣም ሲሳሱ በማግኔት ፊት የኤሌክትሪክ ተቋቋሚነታቸው ስለሚለዋወጥ ለመለኪያ መሣሪያ ይፈለጋሉ። እኔ ግን በዚያ መስመር የተማርኩት ትልቁ ነገር ልባስ ከላይ ሲታይ አንድ ቢሆንም ውስጡ አንድ እንዳልሆነ ነው። ቁራጩ ራሱም ከዳር እስከ ዳር አንድ አይደለም። ኤሌክትሪክ ጠርዝ ላይ ይበረታልና ጠርዙ ወፍራምና ኒኬል የበዛበት፣ መሃሉ ስስና መዳብ የበዛበት ይሆናል። «ይህ ልባስ 30 በመቶ መዳብ አለው» የሚል ዓረፍተ ነገር ባነበብኩ ቁጥር፣ የቱ ጋ ብዬ እጠይቃለሁ።

በመጨረሻ ጥሩ ልባስ ወጣልኝ። በኤክስሬይ ሲታይ ኒኬሉ ለብቻ መዳቡ ለብቻ ሳይሆኑ በሁለቱ መካከል ያለ አንድ ኩብ ሆነው ተቀይጠዋል። ክሪስታሎቹ በአሥር ናኖሜትሮች ብቻ የሚለኩ ስለሆኑ ቀልጦ ከተሠራው ቅይጥ በጣም ይጠነክራል፤ አንዱ ክሪስታል ሊንሸራተት ሲል የሌላው ድንበር ይይዘዋላ። የማግኔቱም ነገር የልጅነት ጨዋታዬን መለሰልኝ። ንጹሕ ኒኬል ማግኔት የሚስበው እስከ 358 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ነው፤ መዳብ በተጨመረበት ቁጥር ይህ ወሰን ይወርዳል። ለሞኔል እንደ ቅንብሩ ከ20 እስከ 50 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ማለትም በጣርማ በር ማለዳ ማግኔት የሚይዘው ቁራጭ በሸዋ ሮቢት ቀትር ሊለቀው ይችላል። ከመቶ 25 እጅ ብቻ ኒኬል ባለበት የሳንቲም ቅይጥ ውስጥ ደግሞ ወሰኑ ከማንኛውም የአገራችን ብርድ በታች ይወርዳል። የ1969ኙ ሳንቲም ማግኔት የማይዘው ስለዚህ ነው።

ልባሱ እንዲያብረቀርቅ ሳካሪን ጨመርኩበት፤ ሻይ የሚጣፍጥበት ያው ሳካሪን ነው። ክሪስታሉን ያደቅቀዋል፣ ውስጣዊ ውጥረቱን ያላላዋል። ፊቴን አየሁበት። ያን ቁራጭ በጥጥ ጠቅልዬ ወደ አማካሪዬ ስወስድ የተሰማኝን ኩራት መደበቅ አልፈልግም፤ ደሃ ቤት አድጎ በእጁ የሚያበራ ነገር የሠራ ሰው ያውቀዋል። አማካሪዬ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ቶሎ አይናገሩም። ወደ መስኮቱ ወስደው አገላብጠው አዩትና፣

«ለየትኛው ውሃ ነው የሠራሽው?» አሉኝ።

«ለጨው ውሃ ነው ፕሮፌሰር። 3.5 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ፤ የባሕር ውሃ መለኪያ።»

«እሱንማ ጽሑፍሽ ላይ አይቼዋለሁ። የት ይቀመጣል ማለቴ ነው? ማን ይነካዋል? ምን ይፈስበታል?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልተጫኑኝም። ቁራጩን መልሰው በጥጡ ጠቀለሉትና፣ «እስቲ አገርሽ ውሰጂው» አሉ።

ወሰድኩት፤ ከሱ ጋር የተሠሩ ሌሎችንም ጨምሬ። አንዳንዶቹን በቤታችን የጣሪያ ክፈፍ ሥር ጉሙ በሚገባበት በኩል ሰቀልኳቸው፣ አንዳንዶቹን በዋሻው አፍ አካባቢ የመኪና ጭስ በሚደርስበት፣ ሌሎቹን ማጀት ውስጥ። የጠበቅኩት ግልጽ ነበር። ጉም ከሰማይ የወረደ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው የለበትም፤ ባሕርን ለመቋቋም የተሠራ ልባስ እዚህ ምንም አይነካውም። ከክፈፉ ሥር ያሉት እንዳልኩት ሆኑ። ሌት ተቀን ረጥበው፣ ጠብታ አንጠልጥለው ከርመው እንኳ ከጥቂት ደብዛዛ ነጥብ በቀር ምንም አልሆኑም። የዋሻው አፍ ላይ ያሉት ጥቀርሻ ለበሱ፤ ሲጸዱ ከሥሩ ደህና ነበሩ። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም።

እማዬ ግን ሳትነግረኝ አንዱን ቁራጭ ወስዳ የጨው ዕቃዋ ውስጥ ማንኪያ አድርጋው ነበር። «የሚያምር ነው ብዬ ነው» አለች። አውጥቼ ሳየው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከላይ አሁንም ያብረቀርቃል፤ ግን እዚህም እዚያም መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አለበት፣ ከቀዳዳዎቹም ቡናማ ዝገት ይወጣል። እዚያ ማጀት ውስጥ፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ፣ የእማዬ ጣሳ ጥያቄ ዞሮ መጣብኝ፦ የተለበጠው ለምን ይዝጋል?

መልሱ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የልባሱ ነው። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ዚንክ ከብረት ይልቅ ቶሎ የሚበላ ስለሆነ ሲጫር እንኳ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ኒኬልና መዳብ ተቃራኒ ናቸው፤ ከብረት የከበሩ ናቸው። ሙሉ ሆነው ሲሸፍኑት ፍጹም ይጠብቁታል፤ አንዲት ቀዳዳ ካለች ግን እርጥበት በደረሰ ጊዜ ሰፊው ልባስና ትንሿ የተራቆተች ብረት ባትሪ ይሆናሉ፤ የመበላቱ ጉልበት ሁሉ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይወርዳል። ቀዳዳውን የሚፈጥረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሃይድሮጅን ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሲበረታ ውሃው ይሰነጠቅና አረፋው ልባሱ ላይ ተለጥፎ ዙሪያውን ያስለብሳል፤ ሲለቅ ጉድጓዱ ይቀራል። ያ ያኮራኝ ብልጭታም የራሱ ዕዳ አለው። ሳካሪን ድኝ ያለበት ውህድ ነው፤ ጥቂት ድኝ ልባሱ ውስጥ ያስቀራል፤ ድኝ ያለበት ኒኬል ከሌለበት ይልቅ ለዝገት ይጋለጣል።

ሁለተኛው የውሃው ነው፤ እኔን የለወጠኝም እሱ ነው። የገበታ ጨው አየሩ ከ75 በመቶ በላይ እርጥበት ሲይዝ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ራሱን ያሟሟል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ይህ የየዕለት ነገር ነው። መጀመሪያ የሚፈጠረው ጠብታ እስከ አንገቱ ጨው የጠገበ ነው፤ ከመቶ 26 እጅ ያህል። የባሕር ውሃ 3.5 ነው። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ባሕር ብዬ ከምበጠብጠው ፈሳሽ ሰባት እጥፍ የሚበልጥ ጨዋማ ጠብታ በእማዬ ጨው ዕቃ ውስጥ፣ በእማዬ ጣቶች ላይ፣ በእማዬ ሳንቲሞች ጠርዝ ላይ ነበር። በጨው ውሃ የተረጨ ሽምብራ የሰፈረ እጅ ሳንቲም ይቀበላል፤ የተሳፋሪውም የእጅ ላብ ጨው ነው፤ ሳንቲሙ ጣሳው ውስጥ ይወድቃል፤ ጉሙ በመስኮቱ ይገባል። ጠርዙ ደግሞ ሳንቲም ከሳንቲም ሲፋተግ ከሁሉ በፊት የሚሳሳው ቦታ ነው። አሮጌው ሳንቲም ቢፋተግ ከሥሩ ያው ቅይጥ አለ። አዲሱ ከሥሩ ብረት አለው።

በዚያ ጨው ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ከገንዘብ በፊት ገንዘብ እሱ ነበር፤ አሞሌ ከአፋር ምድር ተቆርጦ በደጋው ገበያ ሁሉ ይመነዘር ነበር፣ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በአንኮበር ሥር ባለው በአልዩ አምባ ገበያም ጭምር። በልጅነቴ ጨው በአሰብ መንገድ ከባሕር ዳር ይመጣ ነበር፤ ያ መንገድ ሲዘጋ አፍዴራ ሐይቅ ተተካ። ስለ ባሕር የጻፍኩት ገጽ ሐሰት አልነበረም ለካ። ባሕሩ በኤንትሬ ተጭኖ ደጃችን ይመጣ ነበር፤ እኔ ነኝ ለማየት ማንኪያ ያስፈለገኝ። እማዬ ጣሳውን ከጨዉ ጎን፣ ከምድጃው አጠገብ ስታስቀምጥ የምታደርገው ነገር የላቦራቶሪ ሰው ቢጠየቅ የሚመክረው ነው፦ አየሩን አድርቂው፣ ከ75 በመቶ በታች አውርጂው፣ ጨው እንዳይሟሟ።

ጽሑፌን እንደገና ስጽፍ ጣሳውን አስገባሁት። መግቢያው ላይ ሳይሆን ውጤቱ በሚተነተንበት ምዕራፍ፣ ከእርጥበቱና ከጨው መጠኑ ስሌት ጋር። ፈታኞቼ ስለሱ የጠየቁኝ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ እኔም ስመልስ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አውቀዋለሁና። የሠራሁትንም ልባስ ቀየርኩ። ሳካሪኑን ቀነስኩ፤ ኤሌክትሪኩን አለዘብኩ፤ አረፋው ቶሎ እንዲለቅ ማማሰያውን ከፍ አደረግኩ፤ ይህ መዳቡን ስለሚያበዛው የመዳቡን ጨው እንደገና መቀነስ ነበረብኝ። ቀዳዳው እንዲዘጋ ልባሱን አወፈርኩት። አሁን የሚወጣው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፊት አይታይበትም። የጨው ዕቃ ውስጥ ግን ከበፊቱ በጣም የተሻለ ይቆያል። መፈተኛዬም ተለወጠ፤ በ3.5 በመቶ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ መተው ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ጨው ነስንሶ በእርጥብ አየር ማሟሟት፣ ማድረቅ፣ እንደገና ማሟሟት ተጨመረበት። ከመዘፍዘፍ ይልቅ ይህ መመላለስ ይበረታል፤ ጠብታው ሲደርቅ ጨዉ ይከማቻል፣ ኦክስጅንም በስሱ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ብረቱ ዘንድ ይደርሳል።

ዛሬ አስተምራለሁ። ብረት ስለ መለበጥ ሊሠራ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ ዕቃው የሚውልበትን ውሃ በጠርሙስ ይዞልኝ እንዲመጣ እጠይቃለሁ፤ ከቀለም ትምህርቱ በፊት። አንዳንዶቹ ይገርማቸዋል፤ አንዳንዶቹ ወዲያው ስለ ቤታቸው ማውራት ይጀምራሉ፤ የእነዚህን ሥራ ከወዲሁ አምነዋለሁ። እማዬ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዳ ከእህቴ ጋር ትኖራለች፤ አሁንም «ያ ማንኪያ የት ደረሰ?» ትለኛለች። ቢሮዬ ውስጥ እንዳለ እነግራታለሁ። በቅርቡ ከስምጥ ሸለቆ የመጣ አንድ ልጅ የመንደሩን የጉድጓድ ውሃ አምጥቷል፤ የፓምፑ ዘንግ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነውና ሊለብጠው ይፈልጋል። በዚያ አካባቢ ውሃ ውስጥ ፍሎራይዱና ባይካርቦኔቱ ብዙ ነው፤ እኔ ከሠራሁበት ጨው በጣም የተለየ ነገር ነው። ኒኬሉ ይበዛ ወይስ መዳቡ ብለን ገና እየተከራከርን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ግን ትናንት ከገንዳ ወጥተው በእሱ ውሃ ውስጥ ገብተዋል።